ቀለበት «ማሰር»፦ የዱሮ የእጮኝነት ቀለበት በደሴና በኮምቦልቻ አነጋገር

ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ የሚመልሱ ባለሙያዎች በቅርብ ዓመታት ከሚያነሷቸው የስያሜ ጥያቄዎች አንዱ በእንግሊዝኛ «ኢንጌጅመንት ሪንግ» የሚባለው ዕቃ በአማርኛ ምን ይባል የሚለው ነው። ጥያቄው ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የሚጠነክረው ዕቃው አዲስ ሳይሆን በ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የተሠራ፣ ከአያት የተወረሰ ወይም ከገበያ የተገኘ ሲሆንና እንግሊዝኛውም «ቪንቴጅ» የሚል ቅጽል ሲያስቀድምለት ነው። በኮምፒዩተር ተተርጉመው የሚሠራጩ ጽሑፎች ለዚህ ቀለበት «የተሳትፎ ቀለበት» የሚል አቻ እየሰጡት እናያለን። እንግሊዝኛው ቃል አንድ ጊዜ መተጫጨትን፣ ሌላ ጊዜ በአንድ ጉዳይ መሳተፍን ስለሚያመለክት መሣሪያው ሁለተኛውን አንሥቶ ነው። ደሴ ላይ ሽማግሌ ልኮ ልጅ የሚጠይቅ ቤተሰብ ይህን ስያሜ ቢሰማ፣ ልጁ በምን ጉዳይ እንደ ተሳተፈ መጠየቁ አይቀርም።

ስሕተቱ ለሣቅ ብቻ የሚሆን አይደለም። ሐተታው «የተሳትፎ ቀለበት» ብሎ የተጻፈለትን ዕቃ የሚያነብ ወጣት ከአያቱ ጣት ላይ ያለውን ቀለበት በዚያ ስም ሊያውቀው አይችልም፤ ዕቃውና ቃሉ ይለያያሉ። እኛ እንደምናምነው የዚህ ቀለበት ትክክለኛ ስም የሚገኘው ከእንግሊዝኛው ቃል ፍቺ ሳይሆን ቀለበቱ ወደ ጋብቻ ሥርዓታችን ከገባበት መንገድ ነው። መንገዱን የሚያሳየን ደግሞ ስሙ ሳይሆን ግሡ ነው። ለምርመራው ደሴንና ኮምቦልቻን መነሻ ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሁለቱ ከተሞች ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ሰፈር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አማርኛን ስለሚናገሩ፣ የአንዱ የጋብቻ ቃል ከሌላው ጋር ምን ያህል እንደ ተቀራረበ ከሌላ ቦታ ይልቅ እዚያ ጎልቶ ይታያል።

በአማርኛ የመተጫጨት ቃላት ጥንታዊ ናቸው። «አጨ» ከግእዙ «ሐፀየ» ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን «እጮኛ»፣ «መተጫጨት» እና «ማጫ» ከዚሁ ይወለዳሉ። ማጫ ወንዱ ወይም ቤተሰቡ ለሴቷ ወገን የሚሰጠው ነው። «ጥሎሽ» «ጣለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሆኖ ለሙሽራይቱ የሚቀርበውን ልብስና ጌጥ ያመለክታል። በጥሎሹ ውስጥ አልቦ፣ አምባር፣ ጉትቻ፣ ድሪና ቀለበት ሊኖሩ ይችላሉ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ቀለበቱ ከሌሎቹ ጌጦች የተለየ ሥልጣን እንዳልነበረው ነው። የወሎ ሴት የብር ቀለበት በብዙ ጣቶቿ ላይ ማድረጓ የቆየ ልማድ ነው፤ ያ ግን ጌጥ እንጂ የታጨች ለመሆኗ ምስክር አልነበረም። ምስክሩ ሽማግሌና ዋስ፣ እንዲሁም የተቆጠረ ገንዘብ ነበር። «የሰማንያ ጋብቻ» የሚለው ስያሜም ከሰማንያ ብር ጋር ተያይዞ በሰፊው የሚነገረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቃል የሚጠበቀው በጠገራ ቁጥር ነበርና።

በቤተ ክርስቲያን በኩል ቀለበት የቆየ ቦታ አለው። በሥርዓተ ተክሊል ከአክሊሉና ከልብሱ ጋር ቀለበት ይባረካል፤ ግእዙም «ሕልቀት» ይለዋል፤ ይህም ከዐረብኛው «ሐልቃ» ጋር ዘመድ ነው። አማርኛ ግን ይህን ቃል ለዕለት ንግግር አላስቀረውም፤ «ቀለበት» በሚለው ይጠቀማል። ይሁን እንጂ ተክሊል የጋብቻው እንጂ የመተጫጨቱ ሥርዓት አይደለም። በተክሊል የሚጋባውም ሰው ከሕዝቡ ጥቂቱ ነበር። ስለዚህ የዛሬው የእጮኝነት ቀለበት ሁሉ ከተክሊል ወጣ ለማለት አያስደፍርም።

አሁን ወደ ግሡ እንመለስ። አማርኛ በአካል ላይ ለሚደረግ ነገር ሁሉ ለይቶ የሰጠው ግሥ አለው፤ ልብስ ይለበሳል፣ ባርኔጣ ይደፋል፣ ቀበቶ ይታጠቃል፣ ቀለበት ይደረጋል ወይም ይጠለቃል። ሻሽ ይታሰራል፤ ሰዓትም ማሰሪያ ስላለው ይታሰራል። ቀለበት ግን የሚታሰር አንዳች ጫፍ የለውም፤ ድፍን ክብ ነው። ታዲያ ስለ ጌጡ ሲነገር «ቀለበት አደረገች» የሚለው አማርኛ፣ ስለ መተጫጨት ሲነገር «ቀለበት አሰሩ» የሚለው ለምንድን ነው? «እሑድ ቀለበት ያስራሉ» ሲባል የሚሰማ ሰው ስለ ክርና ስለ ቋጠሮ አያስብም፤ ሥርዓቱን ያስባል። ግሡ የመጣው ከዕቃው ጠባይ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ነው።

ምንጩን በሁለት አቅጣጫ እናገኘዋለን። በክርስቲያኑ ዘንድ የሚታሰር የእምነት ምልክት ማተብ ነው። «ማዕተብ» ከግእዙ «ዐተበ» (አማተበ) የወጣ ሲሆን፣ ክሩ በአንገት ይታሰራል፤ ቃሉን ያፈረሰም «ማተቡን በጠሰ» ይባላል። በሙስሊሙ ዘንድ ደግሞ «ኒካህ ማሰር» የሚለው አነጋገር አለ። በዐረብኛ የጋብቻው ውል «ዐቅድ» ይባላል፤ የቃሉም ቀጥተኛ ፍቺ ማሰር፣ መቋጠር ማለት ነው። የወሎ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊም «ኒካሁ ታሰረ» ሲል የዐረብኛውን ሐሳብ በአማርኛ ግሥ ይናገራል፤ የሚሰማው ክርስቲያን ጎረቤቱም ግሡን ከማተቡ ያውቀዋል። ቀለበት በከተማ የመተጫጨት ምልክት ሆኖ በገባ ጊዜ ይህ ግሥ ከሁለቱም ወገን ተዘጋጅቶ ጠበቀው ማለት ይቻላል።

ሦስተኛም ድጋፍ አለ፤ ይኸውም ተቃራኒው ግሥ ነው። አማርኛ ትዳር ሲፈርስ «ፈታ» ይላል፤ «ፍቺ» የሚለው ስምም ከዚያ የወጣ ነው። የሚፈታ ነገር መጀመሪያ ታስሮ መሆን አለበት። ነገር ግን «ሚስቱን ፈታ» የሚለው ቋንቋ በመጀመሪያው በኩል «ሚስት አሰረ» አይልም፤ «አገባ» ይላል። በፍቺ በኩል የነበረው ቋጠሮ በጋብቻ በኩል የጎደለ ይመስል ነበር። «ቀለበት አሰረ» ይህን ክፍት ቦታ ሞላው። (መዝገበ ቃላት በሚዘጋጅበት ጊዜ «ፈታ» እና «አሰረ» እየራቁ በሁለት ሰዎች እጅ ስለሚሠሩ እንዲህ ያለው ዝምድና ሳይታይ ያልፋል፤ ይህ የሥራ አከፋፈላችን ጉዳት ነው።)

የስሙን ጉዳይ በዚህ እናቆየውና ቀለበቱ ከተሠራበት ነገር ላይ እንድረስ፤ በዚህ በኩልም ለተርጓሚ የሚከብዱ ቃላት አሉና። የወሎ የዱሮ ቀለበት በአብዛኛው የብር ነው። ብሩ ደግሞ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ ብር ከሚባለው የኦስትሪያ ገንዘብ የቀለጠ ነበር። ጠገራው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 ክፍል 833ቱ ንጹሕ ብር ሲሆን የቀረው በብዛት መዳብ ነው። አንድ ጠገራ ቢቀልጥ እንደ ውፍረቱ አራት አምስት ቀለበት ይወጣዋል። አቅላጩ «አንጥረኛ» ይባላል፤ ቃሉ «ነጠረ» ከሚለው የመጣ ሆኖ ወርቅም ቅቤም በአንድ ግሥ ይነጠራሉ። በሰሜኑና በወሎ አነጋገር «ባለ እጅ» የሚለው ቃልም ለአንጥረኛው ይውላል፤ ነገር ግን ይህ ቃል ሸማኔውንና ቀጥቃጩን ጨምሮ የሚጠራ፣ ከንቀትም ያልጸዳ ስለሆነ ለተርጓሚው «አንጥረኛ» ይሻለዋል።

ብር የሚገኝበት ዋናው መንገድ ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋ የሚወጣው የንግድ መስመር ነበር። ሰኞ የሚውለው የባቲ ገበያ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ቆላና ደጋ የሚገናኝበት በመሆኑ ጠገራና የብር ጌጥ ሲሸጥበት ሲለወጥበት ኖሯል። ከኢጣሊያ ወረራ ወዲህ የአዲስ አበባ–አስመራ መንገድ በኮምቦልቻና በደሴ ሲያልፍ፣ የአሰብም መንገድ ከኮምቦልቻ ሲገነጠል፣ ሁለቱ ከተሞች ለዕቃም ለቃልም መጋጠሚያ ሆኑ።

እዚህ ላይ የዱሮ ቀለበት ለመምረጥ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚታለልበት አንድ ነገር አለ። ጠገራው ላይ የተቀረጸው ዓመት 1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ይህ ዓመት ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ሲሆን ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን በዚያው ቀን ተሠርቷል። የፋሺስት መንግሥት ለጦርነቱ ሲሰናዳ ማተሚያውን ከቪየና ወስዶ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሮም ላይ አስመትቷል፤ ከዚያም ሎንዶን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይ ተከትለዋል። ስለዚህ ጠገራ የተጣበቀበት ቀለበት ወይም የአንገት ጌጥ «ከ1780 የቆየ ነው» የሚል ሻጭ ቢያጋጥም፣ ብሩ ሮም ውስጥ በ1928 ዓ.ም. የተመታ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ይገባል። ጽሑፉ የገንዘቡን ዓይነት እንጂ የጌጡን ዕድሜ አይናገርም።

የገንዘብና የማዕድን ስም አንድ መሆኑም ለተርጓሚ ወጥመድ ነው። «የብር ቀለበት» ከብር ማዕድን የተሠራ ነው፤ «የሁለት ብር ቀለበት» ግን ዋጋው ሁለት ብር የሆነ ወይም ሁለት ጠገራ የፈሰሰበት ሊሆን ይችላል፤ በዱሮ ሰው አነጋገር ሁለቱ እምብዛም አይለያዩም ነበር፤ ዋጋው ራሱ ማዕድኑ ነበርና። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣና ጠገራው ከሕጋዊ መገበያያነት ሲወርድ ይህ አንድነት ተሰበረ። በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያን ዶላር» የተባለው በአማርኛ ከመጀመሪያው «ብር» ነበር፤ «ብር» በውጭ ቋንቋም የገንዘቡ ስም የሆነው በ1969 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በ1950ዎቹ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ሰነድ «ሃያ ዶላር የሚያወጣ ቀለበት» ሲል አማርኛው «ሃያ ብር» እንጂ «ሃያ ዶላር» አይደለም። ይህን የሳቱ ትርጉሞች ጥቂት አይደሉም።

የወርቁ ታሪክ ከብሩ የተለየ ነው፤ ከደሴም ጋር የሚገናኝበት አሳዛኝ አጋጣሚ አለ። በ1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር ጠቅላይ ሠፈራቸውን ወደ ደሴ አዛውረው ነበር። ኅዳር 26 ቀን (በአውሮፓ አቆጣጠር ዲሴምበር 6፣ 1935) የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከተማዋን ደበደቡ፤ ሰው አለቀ፣ ቤት ነደደ፣ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው ሆስፒታልም ተመታ። ከ12 ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን፣ ሮም ላይ ሌላ ሥርዓት ተደረገ። የዓለም መንግሥታት ማኅበር በኢጣሊያ ላይ የጣለው ማዕቀብ አንድ ወር በሞላበት በዚያ ቀን፣ የኢጣሊያ ሴቶች የጋብቻ የወርቅ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ወጪ እንዲሰጡ ተጠሩ፤ ንግሥት ኤሌና የራሷን በማስቀደም ሰጠች፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሴቶችም ተከተሏት። በምትኩ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። ቀኑ «ጆርናታ ዴላ ፌዴ» ተባለ። «ፌዴ» በኢጣሊያንኛ እምነት ማለት ሲሆን የጋብቻ ቀለበትም በዚሁ ቃል ይጠራል፤ የቀኑ ስም በሁለቱም ፍቺ እንዲነበብ ታስቦ የወጣ ነበር። ወደ አማርኛ «የእምነት ቀን» ብሎ የሚመልሰው ተርጓሚ ቀለበቱን ያጠፋል፤ «የቀለበት ቀን» የሚለው ደግሞ እምነቱን። በአማርኛ ሁለቱን የሚሸከም አንድ ስም የለንም። የእኛ ቋንቋ ያንን ሸክም በስም ላይ ሳይሆን በግሥ ላይ ያኖረ ስለሆነ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ይህን ቀን ሲጠቅስ ኢጣሊያንኛውን በፊደላችን ጽፎ ፍቺውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢያስረዳ ይሻላል እንላለን።

ደሴ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. በኢጣሊያ ጦር እጅ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ወደ አገር የገባው የፋብሪካ ወርቅ ከአንጥረኛው ሥራ በአንድ ነገር ይለያል፤ በውስጡ የተመታ ቁጥር አለው። 750 የሚለው ከ1000 ክፍል 750ው ንጹሕ ወርቅ መሆኑን፣ ማለትም 18 ካራትን ያመለክታል፤ 585 የሚለው 14 ካራት ነው። የአገር አንጥረኛ ሥራ እንዲህ ያለ ምልክት ስለማይኖረው ገዢው የሚያምነው ሰውየውን ነበር፤ ወይም በመፈተኛ ድንጋይ ያስፈትን ነበር። «ካራት» የሚለው ቃል በከተማ የገባው ከዚህ ዓይነቱ ወርቅ ጋር ነው፤ ቀድሞ የነበረው «ወቄት» ክብደትን እንጂ ጥራትን አይለካም። ተርጓሚዎች ሁለቱን ሲያምታቱ ማየታችን ስለማይቀር ልዩነቱን እዚህ ማንሣታችን ከንቱ አይሆንም።

ከነጻነት በኋላ በነበሩት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ቀለበት ከጌጥነት ወደ ምልክትነት ተሸጋገረ። የመንግሥት ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ በወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተማረው ወጣት፣ ፎቶግራፍ ቤት ገብቶ እጁ እንዲታይ አድርጎ የሚነሣው ባልና ሚስት፣ እነዚህ ናቸው አዲሱን ልማድ በከተማ የተከሉት። በውጭው ዓለምም በዚያው ዘመን የእጮኝነት ቀለበት መልክ ይለወጥ ነበር። በአሜሪካ በ1942 እ.ኤ.አ. ፕላቲነም ለጦር ሥራ ብቻ እንዲውል ስለ ተወሰነ ቀለበት ሠሪው ወደ ቢጫና ወደ ነጭ ወርቅ ዞረ፤ የአልማዙ ኩባንያ ደ ቢርስ ባስነገረው ማስታወቂያም አልማዝ ከእጮኝነት ጋር ተቆራኘ። ዛሬ «የ20ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ቀለበት» ሲባል የውጭ አንባቢ የሚያስበው ይህን ነው። በደሴ ግን በዚያ ዘመን ቀለበቱ ልሙጥ ነው፤ ወይም መስቀል፣ ወይም የስም ፊደል የተቀረጸበት ነው፤ ባለ ፈርጥ ከሆነም ፈርጡ ብዙ ጊዜ ባለ ቀለም መስተዋት ነው። አልማዝ በጣት ላይ ሳይሆን በስም ላይ ነበረ፤ በየሰፈሩ አልማዝ የምትባል ሴት አለች፣ አልማዝ ያየ ሰው ግን እምብዛም ነው። (የማዕድንና የዕንቁ ስሞች ለሴት ልጅ ስም መሆናቸው ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል፤ ወርቅነሽ፣ ብርነሽ፣ ሉል የሚሉትን የሚያስተያይ።)

የሙስሊሙ ልማድ ሌላ ልዩነት ጨምሯል። ወርቅ ለወንድ ያልተፈቀደ፣ የብር ቀለበት ግን የተፈቀደ በመሆኑ፣ ሁለቱም እጮኞች ቀለበት የሚያደርጉበት ልማድ ሲመጣ ወንዱ ብር፣ ሴቷ ወርቅ የሚይዙበት ሁኔታ ተፈጠረ። ስለዚህ ከደሴ የተገኘ ወፍራም የወንድ የብር ቀለበት «ድሃ ስለሆነ ወርቅ አልገዛም» ተብሎ መተርጎም የለበትም። መህርም ሌላ ነገር ነው፤ እርሱ የሙሽራይቱ መብት የሆነ በኒካሁ የሚወሰን ስጦታ ሲሆን፣ ቀለበት የመህሩ አካል ሊሆን ይችላል እንጂ ቀለበትና መህር አንድ አይደሉም። «መህር»ን «ማጫ» ብለው የሚመልሱ አሉ፤ ማጫ ለቤተሰብ፣ መህር ለሴቷ መሆኑ ከተረሳ ነው።

ሕጉም በዚህ ዘመን የራሱን ቃል መረጠ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 560 ጀምሮ ስለ መተጫጨት ይደነግጋል፤ መተጫጨትን በሁለት ቤተሰቦች አባላት መካከል የሚደረግ ውል ያደርገዋል፤ አፈጻጸሙንም ለአገሩ ልማድ ይተወዋል። ረቂቁ በፈረንሳይኛ የተዘጋጀ ሲሆን ተርጓሚዎቹ አዲስ ቃል ከመፍጠር ይልቅ «አጨ»ን ማርባታቸው ብልኅነት ነበር። ሕጉ ስለ ቀለበት አያወራም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ የመተጫጨትን ድንጋጌ አላካተተም። ስለዚህ ከቃሉ አንጻር የሚገርም ነገር ሆነ፤ «መተጫጨት» ከሕጉ ገጽ እየወጣ ሳለ ሕጉ ያልጠራው ቀለበት በከተማው ሁሉ ይታሰር ነበር።

እንግዲህ «ቪንቴጅ» ለሚለው ቅጽል ምን እንስጠው? ቃሉ በእንግሊዝኛ ከወይን መከር የመጣ ነው፤ የአንድን ዓመት ወይን ለይቶ ያመለክት ነበር፤ በኋላ ለልብስ፣ ለመኪናና ለጌጥ ተዋሰ። ከአማርኛ በሐሳቡ የሚቀርበው «ከረመ» ነው፤ ክረምት ያለፈበት እህል «ክራሚ» ይባላልና። ነገር ግን ክራሚ ቀለበት ብንል ነቀዝ የበላው ያስመስለዋል። «አሮጌ» ያዋርዳል። «ያገለገለ» የሚለው የመኪና ሻጭ ቃል ነው። «ልባሽ» እና «ሰልባጅ» የልብስ ናቸው። «ጥንታዊ» የሚለው ለ60 እና ለ70 ዓመት ዕቃ ይበዛበታል፤ «ቅርስ» ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሕግ ፍቺ የተሰጠው ቃል ስለሆነ በቀላሉ መወርወር የለበትም፤ ከአገር ለማስወጣት ፈቃድ የሚያሻውን ነገር ይነካል። የሚቀረው «የዱሮ ሥራ» የሚለው ነው። ይህ አነጋገር ሁለት ነገር ይይዛል፤ ዘመኑን በ«ዱሮ»፣ የእጅ ጥበቡን በ«ሥራ»። ሰው ቀለበቱን አገላብጦ «የዱሮ ሥራ ነው» ሲል አድናቆትም ፍርድም አለበት። በዚህ ላይ «ዱሮ» ቁርጥ ያለ ዕድሜ ስለማያስፈልገው ለምዕተ ዓመቱ አጋማሽ ይበቃል።

ይህ ስያሜ እውነት ይሆን ዘንድ ግን ዕቃው በእውነት የዱሮ ሥራ መሆን አለበት። የመረጣውን ቃላት ስንሰበስብ ያገኘነው ይህን ነው። በእጅ የተሠራ የብር ቀለበት ውስጡ እንደ ፋብሪካው አይለሰልስም፤ የተበየደበት መጋጠሚያ ብዙ ጊዜ ይታያል። ለዓመታት የተደረገ ከሆነ በመዳፍ በኩል ያለው ወገን ከላይኛው ይልቅ ስስ ይሆናል፤ ቅርጹም እዚያ ይደበዝዛል። በሁሉም በኩል እኩል የደበዘዘ ቅርጽ ከሆነ በማጽዳት ብዛት ወይም ሆን ተብሎ እንዲያረጅ በመደረጉ ነው። ብሩ መዳብ ስላለበት ይጠቁራል፤ ጥቁረቱን ፈጽሞ ማስለቀቅ ቅርጹን ይጎዳል። ወርቅ ቅብ ከሆነ ጠርዙ ላይ ሌላ ቀለም ይወጣል፤ ገበያው ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ «አርቴፊሻል» ብሎ ይደመድመዋል። «ነጭ ወርቅ» የሚለው ቃል ስለ ጥጥ በምሳሌ ሲነገር ስለኖረ፣ በጌጥ ጽሑፍ ውስጥ ሲገባ «ነጭ የወርቅ ቅይጥ» ብሎ አንድ ጊዜ ማስረዳት ይጠቅማል። ልኩ ካልሆነ ልሙጡን ማጥበብም ማስፋትም ይቻላል፤ ዙሪያው የተቀረጸውን ግን መቁረጥ ጽሑፉን መቁረጥ ነው፤ የስም ፊደል ካለበት ደግሞ የማን እንደነበር የሚናገረው ብቸኛ ምስክር ይጠፋል።

ምስክሩ ከወዲሁ ተመናምኗል። የብር ጌጥ በወሎ ከከብት ቀጥሎ የሚሸጥ ጥሪት ስለነበረ፣ በ1965 እና 66 እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. በደረሰው ረኀብ ከብዙ ቤት ወጥቶ ቀርቷል፤ ከፊሉ ቀለጠ፣ ከፊሉ በነጋዴ እጅ ሄደ። በኋላም ከደቡብ ወሎ ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ የሄዱት ሴቶች ይዘውት የሚመጡት 21 ካራት ወርቅ የእናቶቻቸውን ብር ከጣት አስወጣው። አንዲት ልጅ በስደት ዓመታት ላቧ የገዛችውን ወርቅ ስትመርጥ ስሕተት ሠራች የሚል አንወጣንም፤ እኛ የምንቆጨው የብሩ ስሞች አብረው መውጣታቸውን ነው። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ቤቶች ተዘርፈዋል፤ የደሴ ሙዚየምም ተዘርፏል። ሙዚየም ያለው ዕቃ ቢያንስ በመዝገብ ስሙ ይቀራል። የቤት ቀለበት መዝገብ የለውም፤ ስሙን የሚያውቀው ያደረገው ሰው ነው።

ስለሆነም ለስያሜ ሥራችን የምናቀርበው ይህን ነው። ለመተጫጨት የሚሰጠው «የእጮኝነት ቀለበት»፣ በጋብቻው ዕለት የሚደረገው «የጋብቻ ቀለበት» ይባል። «የቃል ኪዳን ቀለበት» የሚለው ሁለቱንም ስለሚጠራ ለሥነ ጽሑፍ ይቆይ እንጂ ለሙያ ጽሑፍ አይሁን። «የማጫ ቀለበት» ብለን ለመፈተን ሞክረን ነበር፤ ማጫ ለቤተሰብ ስለሚሰጥና ቀለበቱ ለሴቷ ስለሆነ ተውነው። «ቪንቴጅ» ሲጨመርበት «የዱሮ ሥራ የእጮኝነት ቀለበት» ይሁን፤ ቃሉ ረዘመ የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ በተደጋጋሚ ሲመጣ «የዱሮ ሥራው» ብሎ ማሳጠር ይቻላል። በመዝገበ ቃላት ውስጥም «ቀለበት» በሚለው ሥር ከጌጡ ሌላ የሥርዓቱ ስም ራሱን ችሎ ይግባ፤ «ቀለበቷ መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ ስለ ዕቃው አይደለምና። ከዚያ ቀጥሎ የሚከተለው ሐረግ በ«አሰረ» ሥርም በ«ቀለበት» ሥርም በሁለቱ ይጻፍ፦

ቀለበት አሰረ (ግ.)፦ ወንድና ሴት ሊጋቡ ቃል መግባታቸውን በቀለበት መለዋወጥ ገለጡ፤ ተጫጩ። ቀለበትን እንደ ጌጥ በጣት ማድረግ በዚህ ግሥ አይነገርም። አነጻጽር፦ ማተብ አሰረ፤ ኒካህ አሰረ፤ ተቃራኒውን ፈታ ተመልከት።